ስቶርም ትመለስ ባልኩ የመጣብኝ

ሰላም የጌም ሰዎች።

ዛሬ አቤቱታ ይዤ መጥቻለሁ። የጌም ሠሪው ካፕኮምና የኮሚክሱ ማርቭል እንደገና ተስማምተው፣ የሁለቱ ቤት ጀግኖች የሚደባደቡበትን ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም በአዲስ ቢሠሩ፣ ባለፈው ከቀሩት ውስጥ ማን ቀድሞ ይመለስ? የኔ መልስ ስቶርም ናት። ወልቨሪን ሳይጠሩት ይመጣል። ማግኔቶም ጠበቃ አያጣም። ለስቶርም ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸ አላየሁም።

ለማታውቋት ባጭሩ ልንገራችሁ። ነጭ ፀጉር ያላት፣ ነፋስና መብረቅ የምታዝ የኤክስ ሜን ጀግና ናት። በድብድብ ጌም መጀመሪያ የመጣችው በ1994 ነው፤ ካፕኮም ኤክስ ሜንን ብቻ ይዞ በሠራው። በ1996 ኤክስ ሜን ከስትሪት ፋይተር ጋር ሲገጥም እሷም ተሰለፈች። በ2000 በወጣው ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ደግሞ 56 ካራክተር ተደርድሮ ከአራቱ አስፈሪዎች አንዷ ሆነች። ሌሎቹ ማግኔቶ፣ ሴንቲኔልና ኬብል ናቸው። በ2011 በሦስተኛውም አለች። እንዲህ በሁሉም ስትመላለስ ኖራ በ2017 ቀጣዩ፣ ኢንፊኒት የተባለው፣ ሲመጣ ጠፋች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ አንድም ኤክስ ሜን አልገባም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ጌም በኛ አቆጣጠር ሲወጣ አላየሁም።)

ለምን እሷ? አጨዋወቷን የሚተካ የለም። ሌላው ይዘላል፣ ይወርዳል። እሷ መውረድ ግዴታዋ አይደለም። ትንሳፈፋለች፣ ትበራለች፣ በመብረቅ ተጠቅልላ በፈለገችው አቅጣጫ ትወረወራለች። ፓወሯ ሲሞላ ስክሪኑን ሙሉ በረዶ ታወርዳለች፤ መጠለያ የለም። በላይፍ ከበለጠችህማ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሰማይ ላይ ናት። በሰፈራችን ጌም ቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም። መብረቋ ነበር የምንላት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከዚህ በኋላ የመጣውን እኔው ልተርክላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጠውም። ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ዓይን ያፈሳል። ከቀረውም ገሚሱ ቤተሰብ ፊት አይነበብም።

መልስ 1። ቆርኪ ነው የቀደመ። ሁሌም ይቀድማል፤ ይህ ልጅ አይተኛም መሰለኝ። በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቀረበ፣ ሐሳቤን ደገፈ፣ ከዚያ የራሱን ጥያቄ ሸጎጠ። ስቶርም ከተመለሰች የካፕኮሙ ኒንጃ ስትራይደር ሂርዩም ይመለስለት።

መልስ 2። አንዱ መጣና ስትራይደር የትም እንዳልሄደ፣ ኢንፊኒት ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደነበረ ነገረው። መልስ 3 ላይ ቆርኪ ኢንፊኒትን ነክቶት እንደማያውቅ አመነ። አልፈርድበትም። የስትሪት ፋይተሯን የቹን ሊን የተበላሸ ፊት በማስታወቂያው ያየ ሰው ስንቱ ነው የሸሸው።

መልስ 4። ፍሬም ቆጣሪ። እዚህ መድረክ ላይ የቆየ ሰው ይህን ስም ሲያይ የጻፈውን መልሶ ያነባል። አመሰገነኝ፣ ግን ምስጋናው ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ወደ እርማቱ ገባ። በሁሉም ስትመላለስ ኖራ ማለቴ ስህተት መሆኑን አሳየኝ። በ1997 የማርቭል ጀግኖች ከስትሪት ፋይተር ጋር ሲገጥሙ ስቶርም የለችም። በ1998 በመጀመሪያው ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ደግሞ ያለችው በረዳትነት ብቻ ነው። ስትጠራ ብቅ ትላለች፣ መትታ ትሄዳለች፤ መርጦ መጫወት አይቻልም። ልክ ነው። ተሳስቻለሁ፣ ላርመውም አልፈለግሁም፤ ስህተቴ እዚያው ይቀመጥ።

ቀጥሎ የጻፈው ግን ከእርማቱ ይበልጥብኛል። በ2000 ያየናት ስቶርም ሥዕሏ የ1994ቱ ነው። ካፕኮም ያኔ በእጅ ያሳለውን እየደጋገመ ተጠቅሞበታል። 56 ካራክተር በአንድ ጌም የታጨቀበትም ምስጢር ይኸው ነው፤ አብዛኛው ከድሮ ጌም የተወሰደ ሥዕል ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ሁሉም በ3ዲ ከዜሮ መሠራት ነበረበትና ሲጀምር 36 ብቻ ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ይመለስ ስንል ከመጋዘን አውጡት ማለታችን አይደለም። አዲስ ሰው ሥሩ ማለታችን ነው። ድካሙ ለምን በእሷ ላይ እንደሚወጣ ማስረዳት የኔ ፈንታ ነው ብሎ ኳሷን መለሰልኝ።

መልስ 5። ቴስታ። ስሙ እንደሚለው በግንባሩ ነው የሚገባ። ስቶርም የፈሪ ካራክተር ናት፣ ዳግም ባያያትም ደስ ይለዋል። አንዴ መትቶ ለቀሪው ሰዓት ሰማይ ላይ መንከራተት ድብድብ ሳይሆን ድብብቆሽ ነው ባይ ነው። የድሮ ውድድሮችን ቪዲዮ ላየ፣ እሷ ስትመረጥ ተመልካቹ ስልኩን እንደሚያወጣም ጨመረ። መጨረሻ ላይ መሬት ላይ ቆሜ ማንንም አሸንፌ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ይቺ ነካችኝ።

መልስ 6 የኔው ነው፤ ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። መሸሽም ሙያ እንደሆነ፣ ሦስት ሰው ከነረዳቱ እያሳደደ ሳይነኩ መቆየት ቀላል እንዳልሆነ ተናገርኩ። ጀስቲን ዎንግ የተባለው አሜሪካዊ በዚያ ጌም ስሙን የሠራው ስቶርምን ከሴንቲኔልና ከሳይክሎፕስ ጋር ይዞ መሆኑንም አስታወስኩት። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ቴስታ የሚጫወተው አንድ በተን በመደብደብ እንደሆነ ጻፍኩ። ማስረጃ አልነበረኝም።

መልስ 7 የዚህ ሁሉ ወሬ እምብርት ነው። የጻፈችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህታችን ናት። ብዙ አትጽፍም፤ ስትጽፍ ግን ሰው ዝም ይላል። በ2017 የሆነውን አስታወሰችን። ሕዝቡ ኤክስ ሜን የት ሄዱ ብሎ ሲጮህ፣ ከካፕኮም በኩል አንዱ ወጥቶ ካራክተር ማለት የሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነገር ተናገረ። ማግኔቶን የወደድከው በአየር ላይ ስለሚወረወር ከሆነ፣ ያንኑ የሚያደርግ ሌላ ጀግና አለልህ ዓይነት። ሰውዬው እስከ ዛሬ መቀለጃ ነው፤ እኛም እዚህ ስንት ቀን ስቀንበታል።

እና እሷ ያለችው፣ የኔ መነሻ ጽሑፍ ከዚያ ንግግር በምን ይለያል? ስቶርም ትመለስ ያልኩት ትበራለች፣ መብረቅ ትጥላለች፣ በረዶ ታወርዳለች ብዬ ነው። እንግዲያው መብረቁን ለሌላው የማርቭል መብረቀኛ ለቶር ስጡት፤ እሱ እንደሆነ በሦስተኛውም በኢንፊኒትም አለ። በረዶውን ለሌላ ስጡ፣ ክንፉን ለሌላ ስጡ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ካልተዘጋ ከሥራዋ ሌላ የምወደው ነገር አለ ማለት ነው። እሱ ምንድነው?

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቡና አፈላሁ። እውነቴን ነው።

መልስ 8 የኤክስ ሜን ፊልም መብት በ2017 ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ እጅ ስለነበር ማርቭል የራሱን የፊልም ጀግኖች እንዳስቀደመ አስረዳ። የማርቭል ባለቤት ዲዝኒ ፎክስን ገዝቶ የጨረሰው በመጋቢት 2019 ስለሆነ፣ ዛሬ በዚያ በኩል እንቅፋት የለም። መልስ 9 ይህ ሁሉም የሚያወራው ምክንያት እንጂ ማንም ፈርሞ ያወጣው ወረቀት እንዳልሆነ ጠቆመ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አልፋለሁ።

መልስ 10 የጆይስቲኩ አናሎግ ሳይነካ ብቻውን ወደ ግራ እየሄደ እንዳስቸገረው ጻፈና ሠሪ የሚያውቅ ካለ ጠየቀ። ከርዕሱ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። መልስ 11 ግን መርካቶ ወስዶ ውስጡን እንዲያስጸዳው፣ መጀመሪያ ዋጋ ሳይቆርጥ እንዳይሰጥ መከረው። እኛ እንዲህ ነን።

መልስ 12 ላይ ጋሽ አባ ጆይስቲክ መጡ። ድሮ አራት ቴሌቪዥን ያላት ጌም ቤት ነበረቻቸው። ፒኤስ 2 ነው የሚያጫውቱት። አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። ገንዘቡ የሚመጣው እንግዲህ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲሸነፍ ነው። ቴክን ላይ አንድ ግጥሚያ በደቂቃ ያልቃል፤ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ማርቭል ላይ አንድ ቀጭን ልጅ መብረቋን ይመርጥና ሰማይ ላይ ይወጣል። ሰዓቱ እስኪያልቅ አይወርድም። ወረፋ የያዙት ልጆች ይሰለቻሉ፣ ቀስ በቀስ ወደ ማዶው ጌም ቤት ይሻገራሉ። ጋሼ ቢቸግራቸው ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ መብረቋን የመረጠ ሁለት እጥፍ ይከፍላል።

ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ መብረቋን የማይመርጥ ልጅ ጠፋ። የተከለከለ ነገር አይደል። ሁለት እጥፍ ከፍለው፣ ሰማይ ላይ ወጥተው፣ ቁልቁል ይስቃሉ። ጋሼ በዚያ ዓመት ከእሷ ያገኙትን ከማንም እንዳላገኙ በኩራት ጽፈዋል።

መልስ 13 ጋሼን ሰዓቱን በሴቲንግ ለምን እንዳላጠፉት በአክብሮት ጠየቃቸው። ሰዓት ከሌለ ሽሽቱ ዋጋ የለውም። እሳቸው መልስ 14 ላይ፣ ያንን ቢያደርጉ ኖሮ ግጥሚያው መብራት እስኪጠፋ ይቀጥል እንደነበር መለሱ። መብራት ሲጠፋም ጥፋቱ የመብረቋ ነው ይባል ነበር አሉ። ይሄን እኛም ሰፈር ሰምቻለሁ።

መልስ 15 ያንን ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የት እንደሚያገኘው ጠየቀ። ፍሬም ቆጣሪ በመልስ 16 አጠር አድርጎ መለሰለት። በ2009 በኢንተርኔት መሸጥ ጀምሮ በ2013 መጨረሻ ከመደብሮቹ ተነሳ። ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ በኢንተርኔት መደብር አልነበረም፤ አሮጌ ዲስክ መፈለግ ነው። በመስከረም 2024 ሰባት የድሮ ጌሞችን በአንድ ያቀፈው ስብስብ ሲወጣ ነው የተመለሰው፤ ስቶርም የተሰለፈችባቸው የ1994ቱና የ1996ቱም አብረው አሉበት።

ከመልስ 17 ጀምሮ ነገሩ ሀገር ለቆ ሄደ። ኮሚክስ የሚያነብ አንድ አባል የስቶርምን የትውልድ ታሪክ ዘረገፈው። ኮሚክስ ላይ የወጣችው በ1975 ነው። እናቷ ኬንያዊት ልዕልት፣ አባቷ አሜሪካዊ ፎቶ ጋዜጠኛ። ኒውዮርክ ተወለደች፣ ካይሮ አደገች። ወላጆቿ ቤታቸው ፈርሶባቸው ሞቱ፤ እሷ ፍርስራሽ ውስጥ ተቀብራ ተረፈች። ጠባብ ቦታ የምትፈራው ለዚያ ነው። ካይሮ ጎዳና ላይ ኪስ አውላቂ ሆና ኖረች። ከዚያ በእግሯ ወደ ደቡብ ተጉዛ ሴሬንጌቲ ደረሰች።

የጻፈው እስከዚህ ግሩም ነበር። ግን ከካይሮ ተነስቶ በእግር ወደ ኬንያ የሚወርድ ሰው በኛ በኩል ሳያልፍ አይቀርም ብሎ ደመደመ። መልስ 18 ካርታ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው፤ የነጭ ዓባይን ተከትላ በሱዳንና በኡጋንዳ ብትሄድ እኛን አታይም። መልስ 19 ዝናቧን የተማረችው ጎጃም ክረምት ላይ መሆን አለበት በሚል ሽምግልና ገባ። ይህን ያህል ያሳቀኝ ነገር በሳምንቱ አላየሁም።

ሳቁን መልስ 20 ቆረጠው። ጸሐፊዋ መምህርት መሆኗን ከዚህ በፊት ነግራናለች። ስቶርም ሴሬንጌቲ ደርሳ ምን ሆነች? የአካባቢው ሰው እንደ አምላክ ሰገደላት። አፍሪካውያን ከሰማይ ዝናብ ላወረደ መጤ የሚንበረከኩ ተደርገው በኒውዮርክ ጠረጴዛ ላይ ተጻፉ። እሷ ስቶርምን ትወዳለች፣ ልጆቿም ይወዷታል። ግን የኛ ኩራት ናት ብሎ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ያንን ክፍል ያንብብ ነው ያለችው። ጠንካራ ነው፤ የመለሰላትም የለም። እኔም ኩራት አላልኩም፣ ግን ልል ዳር ዳር ስል እንደነበር ራሴን አውቃለሁ።

መልስ 21 ወሬውን ለማለስለስ ዋካንዳን አመጣ። ማርቭል ይህችን የፈጠራ ሀገር ቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነው የሚያስቀምጣት። የሐይቁ ሰሜን ጫፍ ደግሞ ኦሞ ወንዝ የሚገባበት የኛ ምድር ነው። ስለዚህ የዋካንዳው ንጉሥ ብላክ ፓንተር ጎረቤት ነው። መልስ 22 የጨመረው ይበልጣል። ብላክ ፓንተርና ስቶርም በ2006 በኮሚክሱ ተጋብተዋል። ኢንፊኒት ላይ ብላክ ፓንተር ተጨማሪ ከፍለው ከሚገዙት ስድስቱ አንዱ ሆኖ ገባ። ባል ገባ፣ ሚስት በር ላይ ቀረች። የትኛው ሽማግሌ ነው ይህን ያስታረቀው?

መልስ 23 ከስቶርም ይልቅ የካፕኮሟ ተዋጊ ኤሌና ትምጣ አለ። እሷም ኬንያዊት ናት፤ በ1997 በስትሪት ፋይተር 3 መጣች፣ በ2012 ስትሪት ፋይተር ከቴክን ጋር ሲገናኝ ነበረች፣ በ2025 ስድስተኛው ላይ ተመለሰች። የምትጫወተው ግን የብራዚል ካፖኤራ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይጠየቅ። መልስ 24 እዚህ ላይ ደሙ ፈላ። ኬንያ ሁለት፣ እኛ ዜሮ። በአሥር ሺሕ ሜትር ስንፋጅ የኖርነው አንሶ በጌምም? መልስ 25 ደግሞ ስቶርም የምታሸንፈው በሩጫ ስለሆነ ኬንያዊነቷ በማስረጃ ተረጋግጧል አለ። ስለ ሱሪ ብሔረሰብ የዶንጋ ዱላ ግጥሚያና ስለ ኢትዮጵያዊ ካራክተር ሁለት ሦስት መልስ ተከተለ፤ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ሌላ የውይይት ክር ይከፈትለት።

መልስ 28። ቴስታ ተመለሰ፤ ትዕግሥቱ አልቋል። ስለ ካርታና ስለ ሠርግ የሚያወራ ካለ ሌላ ቦታ ይሂድ። ስቶርም እንደሆነ ተመልሳለች። አርክ ሲስተም ወርክስ የሚሠራው የድብድብ ጌም ማርቭል ቶኮን በ2025 ሲታወጅ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ታይታለች። አራት ለአራት ነው፣ በ2026 ይወጣል ተብሏል። ማርቭል ራይቨልስ ላይም ከ2024 ጀምሮ አለች። እና ምን ቀረ ብለን ነው የምናለቅሰው? እኔን በስም ጠርቶ ጌም ሳይሆን ልጅነቴን እንደምፈልግ ጻፈ።

ፍሬም ቆጣሪ በመልስ 29 ለኔ ይቆማል ብዬ አልጠበቅሁም። ራይቨልስ የተኩስ ጌም ነው፤ አይቆጠርም። ቶኮን የማርቭል ብቻ ነው። ከካፕኮም ቤት ርዩ የለበትም፣ ቹን ሊ የለችበትም፣ ሞሪጋን የለችበትም። የተጠየቀው ሁለት ቤት የሚገናኝበት ጌም ነው። ስቶርም በቶኮን መኖሯ እንዲያውም የኔን ጉዳይ ያጠናክራል አለ፤ ዛሬም ሊሠራት የሚፈልግ ሰው እንዳለ ያሳያል።

እኔ መልስ 30 ላይ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህት መለስኩ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ቶርን ከስቶርም ጋር አስተያዩት አልኩ። ቶር ከባድ ነው፣ መዶሻ ይዟል፣ ወደ አንተ ይመጣል። መብረቁን የሚጥለው ሊይዝህ ነው። ስቶርም መብረቁን የምትጥለው ልትሄድ ነው። አንድ መብረቅ፣ ሁለት ጠባይ። ጌም ቤት ውስጥ ልጅ ሲመርጥ እናውቅ ነበር። ቶር ዓይነቱን የሚመርጠው ጮሆ የሚጫወት ነው። መብረቋን የሚመርጠው ዝም ብሎ የሚጠብቅ፣ ሲናደዱበት የሚደሰት ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ሲዘረዘር ይህ አይታይም። ለቴስታም መለስኩ፤ ልጅነቴን እንደምፈልግ አልካድኩም። ግን ሽሽቱ ያለ ዋጋ መሆኑ ጥፋት እንደነበረ አመንኩለት። ስትመለስ መብረሯ ፓወሯን ይብላ። ስትበር ሰማዩ ይጥቆር፣ ነፋሱ ተቃራኒዋን ትንሽ ይግፋ። ፓወሯ ሲያልቅ ትውረድ፣ ሰማዩም ይጥራ። እንደገና ለመነሳት መሬት ላይ ተዋግታ መሙላት አለባት።

ቴስታ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ፣ መልስ 31 ላይ ፓወሩ በስንት ሴኮንድ እንደሚያልቅ ጠየቀ። ያውም በትሕትና። እኔ አሥር አልኩ፤ እሱ አምስት። ፍሬም ቆጣሪ ገባና ሴኮንድ አይደለም የሚለካው አለ። አንድ ሙሉ ፓወር በረዶውን ለማውረድ ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው ትብረር ወይስ በረዶውን ታስቀምጥ ነው። የበረረች ስቶርም በረዶ የሌላት ስቶርም ከሆነች፣ ተቃራኒዋ ሽቅብ እያየ ይቆጥራል፤ መቼ እንደምትወርድ ያውቃል፣ ከታች ይጠብቃታል። ቴስታ አንድ ነገር ጨመረ። በረዶው በመከላከል ላይ ያለን ሰው እንዳይገድል፤ የመጨረሻዋን ላይፍ በእጇ ትውሰድ። ተስማማን። በዚህ መድረክ ቴስታ ከማንም ጋር ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካፕኮም የሚልክልን ሰው ብናገኝ ጥሩ ነበር።

መልስ 32 ከጅዳ የመጣ ነው። የጻፈችው እህት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ያንን የ2024 ስብስብ በኒንቴንዶ ስዊች ይጫወታል፣ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ እሷን ይጠራታል። ልጁ ሁልጊዜ ነጭ ፀጉሯን ይመርጣል፣ ሁልጊዜም ያሸንፋታል። እሷ ስሟ ስቶርም መሆኑን ያወቀችው ከዚህ ክር ነው። የኬንያውን፣ የፎክሱን ነገር አላነበበችውም። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ያ በረዶ ሲወርድ ምን ይደረጋል?

መልስ 33ን የጻፈው ቴስታ ነው። በአንድ ትንፋሽ። በረዶው የሚመጣው ከታች ፓወሩ ቢያንስ አንድ ሲሞላ መሆኑን፣ ያንን ቁጥር በዓይኗ እንድትጠብቅ፣ ሲሞላ መዝለሏን ትታ መሬት ላይ ወደ ኋላ ይዛ እንድትከላከል አስረዳት። ስቶርም ከወረደች በኋላ ፓወሯ አንድ ስለሚጎድል ያኔ ትግባበት። መጨረሻ ላይ አይዞሽ እህቴ ዓይነት ነገር አለበት። ቴስታ ነው እንግዲህ።

ጋሽ አባ ጆይስቲክ ይህን ሲያዩ እኔንና ቴስታን ለቅዳሜ ቤታቸው ጠሩን። ለካ ቴስታ ከኔ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ነው የሚኖረው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው። ሻይ ተጠጣ። ላፕቶፕ ተከፈተ፣ ሁለት ጆይስቲክ ተሰካ። እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ርዩን፣ ኬብልንና ሳይክሎፕስን ያዝኩ። ቴስታ ሁለቱን ሳያስብ መረጠ። ሦስተኛው ላይ ጠቋሚውን እያንቀሳቀሰ ቆየ። ከዚያ ነጭ ፀጉሯ ላይ ቆመ።

አንዴ መታኝና ወጣ። ኬብልን ይዤ ሽቅብ ተኮስኩ። ርዩን ይዤ ዘለልኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ በጣት የምትለካ ላይፍ በልጦኝ ሰማይ ላይ ነበር። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ወደኔም አላየም።

ጋሼ ሻይ እየቀዱ ሁለት እጥፍ እንዲከፍል አዘዙት።